ከሥሩ ያልያዘ ክር

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች ጥናትና ስለ እንግዳ አቀባበል ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ከወትሮው ለየት ያለ ጉዳይ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጉዳዩ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። “ደግሞ ይህ ከእኛ ቤት ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም ካቻምና ቢሆን እንደዚሁ እል ነበር። ነገር ግን ይህ ቀጭን ክር በቤቴ ውስጥ የልጅ እጅ አቁስሏል፤ እኔንና ልጄንም ለሁለት ሳምንት ያህል አኳርፎናል። በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ ስጦታ ደርሷችሁ ከሆነ ወይም ሊደርሳችሁ ከሆነ፣ እኔ ከስሕተቴ የተማርኩትን እናንተ ያለ ስሕተት እንድትማሩት ብዬ እጽፍላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በናይለን ክርና በአንዲት መንጠቆ ቆሮሶ እያወጣ ያደገ ሰው ነው። አሁን የሚኖረው በአሜሪካ በሜሪላንድ ነው። እዚያም ቢሆን የልጅነት ፍቅሩ አልለቀቀውም፤ ሥራ በማይኖረው ቀን ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ እየወጣ ያጠምዳል። ለጥየቃ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ታዲያ ለመጨረሻው ልጄ አንድ የማጥመጃ ዘንግ፣ አንድ ሪልና በካርቶን የታሸገ አንድ ጥንጥን አረንጓዴ ክር ይዞለት መጣ። ሪል ማለት ክር የሚጠነጠንበት፣ እጀታ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ክሩ የልብስ ስፌት ክር ያህል ቀጭን ነው፤ ወንድሜ ግን “ይኼ ክር አንተን ራስህን ያነሣሃል” ብሎ ለልጁ ሲነግረው የልጁ ዓይን እንዴት እንደበራ አሁን ድረስ አይረሳኝም።

ወንድሜ የነበረው ጊዜ አጭር ስለነበር ክሩን ሪሉ ላይ ሳያጠነጥነው ወደ መጣበት ተመለሰ። “እኔ አጠነጥንልሃለሁ” አልኩት ልጄን። “ክር ማጠንጠን ደግሞ ምን ይከብዳል? ስንት ሹራብ ሠርቼ የለ!” ከዚያም የክሩን ጫፍ በሚያብረቀርቀው የብረት ማጠንጠኛ ላይ በሁለት ቋጠሮ አጥብቄ አሰርኩና እጀታውን እያዞርኩ እስከ አፉ ሞላሁት። ሲታይ ያምር ነበር። እኔም እጄን አጨብጭቤ፣ “በል፣ ዓሣ አምጣ!” ብዬ ሰደድኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልካም ነበሩ። በአሞራ ገደል አቅራቢያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የእጅ መዳፍ የምታክል ቆሮሶ ይዞ መጣ፤ ቤቱም በደስታ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀኝ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ ፊቱ ገርጥቶ ገባ። ሸሚዙን ስፈታው ሁለት ጣቶቹ በምላጭ እንደተቆረጡ ያህል ተሰንጥቀዋል። ለካስ አምባዛ ይዞት ኖሯል። ዓሣው ሲጎትት እርሱ እጀታውን ያዞራል፤ ነገር ግን አንድ ክንድ ክር እንኳ ወደ ውስጥ አይገባም። ፍሬኑን አጥብቆ አጥብቆ የመጨረሻው ላይ አደረሰው፤ ክሩ ግን አሁንም ይሄዳል። ቢጨንቀው ክሩን በእጁ ያዘው። ክሩ ጣቶቹን ቆርጦ አመለጠ፤ ዓሣውም ሄደ።

ቁስሉን አጥቤ አሰርኩለት፤ በጤና ጣቢያም ታይቶ ደኅና ሆነ። ሪሉን ግን የተበላሸ መስሎኝ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጠጋኙ ፈታትቶ፣ ፍሬኑን ሞክሮ “ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው” ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሪሉ ጤነኛ ከሆነ፣ ክሩም አዲስ ከሆነ፣ አበላሹ ልጁ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። “ፍሬኑን ነካክተኸው ነው” አልኩት። “አልነካሁትም እማዬ” አለኝ። “ታዲያ ማን ነካው? ሰይጣን ነካው?” ብዬ በቁጣ ተናገርኩት። ከዚያ በኋላ ልጄ ስለ ዓሣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዘንጉ ከበሩ ኋላ ቆሞ ቀረ። አጎቱ በስልክ “ስንት ያዝክ?” ብሎ ሲጠይቀው “ፈተና ስላለብኝ ነው” ብሎ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። የትምህርት ቤት ክረምት መሆኑን ወንድሜ አለማስታወሱ በጀኝ።

ይህን ቋጠሮ የፈቱልኝ አማቴ ናቸው። አማቴ የዶርዜ ተወላጅ ናቸው፤ ያደጉት በጨንቻ አካባቢ በሸማኔ ቤት ነው። በዶርዜ ሸማው የወንዶች ሥራ፣ ፈትሉ ደግሞ የሴቶች ሥራ እንደሆነ ታውቁ ይሆናል። አማቴ በልጅነታቸው የአባታቸውን ማግ በቀሰም ላይ ሲያዳውሩ የኖሩ ናቸው። ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ዘንጉን ከበሩ ኋላ አገኙት። “ይኼ የማን ነው?” አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ሪሉን በጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጀታውን በአንድ እጃቸው ያዙና በነጠላቸው ጫፍ ክሩን ጨብጠው ሳብ አደረጉት። ከዚያም ፈገግ አሉ።

“ልጄ፣ ይኼን ክር ማነው ያጠነጠነው?”

“እኔ ነኝ፣ እማማ።”

“በይ እዪው። ማጠንጠኛው ቆሟል። ክሩ ግን እንደ ላላ ቀለበት በላዩ ላይ ይዞራል። ከሥሩ አልያዘም። እኛ ቀሰም ላይ ስናዳውር የመጀመሪያውን ጫፍ በምራቅ አርጥበን፣ ክሩን በራሱ ላይ ደራርበን ነው የምናስይዘው። የመጀመሪያው ዙር ካልያዘ የላዩ ሁሉ ከንቱ ነው።”

ልጄ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔም ወደ እርሱ ዞሬ፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ “ነግሬሽ ነበር እኮ” አለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለኝም፤ ይህቺው ግን በቂዬ ነበረች።

በዚያው ምሽት ለወንድሜ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኩት። እርሱም ስቆ ሲያበቃ፣ ክሩ ለምን እንደሚንሸራተትና እንዴት መጠንጠን እንዳለበት አንድ በአንድ አስረዳን። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ከእርሱ የሰማነውንና እኛም በእጃችን ሞክረን ያየነውን ነው።

ለምን ይንሸራተታል?

እኛ የምናውቀው የማጥመጃ ክር ናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ በዋላስ ካሮዘርስ የምርምር ቡድን የተገኘ ነው። የናይለን ማጥመጃ ክር አንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣ ሲሆን ሲጎተት ይለጠጣል። ተለጥጦ ሲጠነጠን ደግሞ ተመልሶ ለመኮማተር ስለሚፈልግ ማጠንጠኛውን ጨምቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ናይለንን እንደ ነገሩ ብታስሩትም ብዙ ጊዜ አይንሸራተትም።

ወንድሜ ያመጣው ክር ግን ሌላ ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛው ብሬድ ይሉታል፤ እኛ ጉንጉን ክር ልንለው እንችላለን፤ ምክንያቱም ከብዙ እጅግ ቀጫጭን ክሮች እንደ ጸጉር የተጎነጎነ ነው። የሚሠራበት ነገር ዳይኒማና ስፔክትራ በሚባሉ የንግድ ስሞች የሚታወቅ የፖሊኢትሊን ዓይነት ነው። ጥይት የሚከላከል ልብስና የመርከብ ገመድም ከዚሁ ይሠራል። ለማጥመጃነት በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። በውፍረት እኩል ከሆነ ናይለን ጋር ሲመዛዘን ከእጥፍ በላይ ይጠነክራል፤ በውኃ ላይም ይንሳፈፋል።

ታዲያ ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክሩ እጅግ ለስላሳና አንሸራታች ነው። ሁለተኛ፣ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ስለማይለጠጥም ማጠንጠኛውን ጨምቆ አይይዝም። ለስላሳ ክር በለሰለሰ ብረት ላይ ሲጠነጠን ቋጠሮው ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ቋጠሮው ራሱ ከነክሩ በብረቱ ዙሪያ ይንሸራተታል። ትንሽ ዓሣ ሲሆን አይታወቅም። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ግን ጥንጥኑ በሙሉ አንድ ላይ ይዞራል። የእኔም ቋጠሮ አልተፈታም ነበር፤ ቋጠሮው ጠብቆ ሳለ ነበር የሚሽከረከረው።

እንዴት ታውቃላችሁ?

ይህን ችግር ከፍሬን ብልሽት ጋር ማምታታት በጣም ቀላል ነው፤ እኔም ጠጋኙም ያላወቅነው ይህን ነው። ዓሣ ክሩን ሲጎትት ፍሬኑ ቢለቅ፣ የሚዞረው ማጠንጠኛው ራሱ ነው፤ በብዙዎቹ ሪሎች ላይም ጠር-ጠር የሚል ድምፅ ይሰማል። ክሩ ከሥሩ ሲንሸራተት ግን ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ ብቻ ይዞራል፤ ድምፅም የለም። ፍሬኑን ብታጠብቁትም ለውጥ አያመጣም። እጀታውን ስታዞሩም የሽቦው ቅስት ይዞራል፤ የተጠነጠነው ክር አብሮት ይዞራል፤ ከውኃው ግን ክር አይገባም።

ቀላሉ መፈተኛ ይኸውላችሁ። ፍሬኑን አጥብቁት። በማጠንጠኛው ከንፈር ላይ በእስክሪብቶ አንዲት ነጥብ አድርጉ፤ በትይዩዋም በተጠነጠነው ክር ላይ ሌላ ነጥብ አድርጉ። እጀታውን ይዛችሁ ክሩን በወፍራም ጨርቅ ጨብጣችሁ ሳቡት። ሁለቱ ነጥቦች አብረው ከዞሩ የሚለቀው ፍሬኑ ነው። የክሩ ነጥብ ብቻውን ከሄደ ክሩ ከሥሩ አልያዘም ማለት ነው። ልጄ ይህን ፈተና ሲያደርግ እኔን ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ነጥቧ መለስኩ።

መፍትሔው

መፍትሔው በክሩና በብረቱ መካከል የሚይዝ ነገር ማስገባት ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ማጠንጠኛውን ራሱን ማየት ነው። አንዳንድ ሪሎች ለጉንጉን ክር ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ በማጠንጠኛቸው ወገብ ላይ የጎማ ቀለበት አላቸው። እንዲህ ያለ ከሆነ ክሩን በቀጥታ ጎማው ላይ ማሰር ይቻላል። የእኛ ይህ አልነበረውም።

ሁለተኛው፣ ፕላስተር ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበትን ዓይነት ፕላስተር ወይም የጨርቅ ቁስል ማሸጊያ በማጠንጠኛው ወገብ ላይ አንድ ዙር ብቻ አልብሱት። ሳይጨማደድ፣ ሳያብጥ መለጠፍ አለበት፤ ያበጠ እንደሆነ ክሩ ከላይ ጎርበጥ ብሎ ይቀራል። ክሩ የሚታሰረው በፕላስተሩ ላይ ነው። ይህ ፈጣን መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሪሉ ብዙ ውኃ የሚገባበት ከሆነ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ሊለቅ ይችላል።

ሦስተኛውና እኛ የመረጥነው፣ ከሥሩ ናይለን ማጠንጠን ነው። ናይለን ማጠንጠኛውን ጨምቆ ይይዛል ብለን የለ? ስለዚህ መጀመሪያ ናይለኑን አስይዞ፣ ጉንጉን ክሩን በናይለኑ ጫፍ ላይ መቀጠል ነው። እንዳይንሸራተት ብቻ ከተፈለገ ከ5 እስከ 10 ሜትር ናይለን ይበቃል። ናይለኑ ደግሞ በየገበያው ይገኛል፤ ጉንጉን ክሩ ግን ውድ ስለሆነ ከሥር የሚሆነውን ቦታ በርካሹ መሙላት ቁጠባም ነው።

ስንት ሜትር ናይለን?

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ አለ፤ የቤት አስተዳደር የለመድን ሰዎች ስለሆንን አንፈራም። በማጠንጠኛው ላይ “0.30/150” የመሰለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህም ውፍረቱ 0.30 ሚ.ሜ. የሆነ ክር 150 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ክር የሚይዘው ቦታ በርዝመቱና በውፍረቱ ስኩዌር ብዜት ይለካል። የማጠንጠኛው ቦታ 0.30 ሲባዛ በ0.30 ሲባዛ በ150፣ ማለትም 13.5 ነው። ያላችሁ ጉንጉን ክር 0.18 ሚ.ሜ. ወፍሮ 150 ሜትር ቢሆን፣ 0.18 ሲባዛ በ0.18 ሲባዛ በ150፣ ወደ 4.9 ይጠጋል። የሚቀረው 8.6 ያህል ነው። ይህን ለ0.30 ሚ.ሜ. ናይለን ስኩዌር ለ0.09 ስታካፍሉት 96 ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 96 ሜትር ያህል ናይለን ከሥር፣ 150 ሜትር ጉንጉን ክር ከላይ ሲሆን ማጠንጠኛው በልኩ ይሞላል። ይህ ግምት ነው፤ በተግባር ጉንጉን ክር በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ወፈር ሊል ስለሚችል ናይለኑን ጥቂት አጉድላችሁ ጀምሩ። ማጠንጠኛው መሞላት ያለበት ከከንፈሩ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ ካለፈ ክሩ ሲወረወር በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ይወርድና ይወሳሰባል፤ በጣም ከጎደለ ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

አጠነጣጠኑ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ እኔና ልጄ ሆነን ሠራነው።

በመጀመሪያ የናይለኑን ጫፍ በዘንጉ ላይ ባለው፣ ወደ ሪሉ በሚቀርበው ቀለበት ውስጥ አሳልፉት። ከዚያም የሽቦውን ቅስት ክፈቱት። ይህን አትርሱ! ቅስቱ ሳይከፈት ክሩ ከታሰረ ቅስቱ ክሩን ስለማይዘው እጀታው ቢዞርም ምንም አይጠነጠንም፤ እንደገና ፈታችሁ መጀመራችሁ አይቀርም።

የናይለኑን ጫፍ በማጠንጠኛው ወገብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙሩት። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አንድ ቀላል ቋጠሮ አድርጋችሁ ቋጥሩት፤ ከዚያም በጫፉ በራሱ ላይ ሌላ አንድ ትንሽ ቋጠሮ ቋጥሩ። በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡና ዋናውን ክር ሳቡት። የመጀመሪያው ቋጠሮ እንደ ሸምቀቆ እየተንሸራተተ ማጠንጠኛውን ያንቀዋል፤ ሁለተኛው ቋጠሮ ደግሞ ጫፉ እንዳያመልጥ ያግደዋል። ትርፉን ቁረጡት፤ ቅስቱንም ዝጉት። አማቴ ይህን ሲያዩ፣ “ምራቁን አልረሳችሁም!” ብለው ሳቁብን።

ናይለኑን ጠንክሮ እንዲገባ እየያዛችሁ አጠንጥኑት። የተሰላው ያህል ሲገባ ቁረጡትና ጉንጉን ክሩን ቀጥሉበት። አቀጣጠሉም እንዲህ ነው። የሁለቱን ክሮች ጫፎች ፊት ለፊት አቀጣጥፋችሁ በአንድ ስንዝር ያህል ደራርቧቸው። የናይለኑን ጫፍ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩና፣ በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ 5 ጊዜ ጠቅልሏቸው፤ አርጥባችሁ አጥብቁ። በጉንጉን ክሩ በኩልም እንዲሁ አድርጉ፤ ነገር ግን እርሱ አንሸራታች ስለሆነ 8 ጊዜ ጠቅልሉት። ከዚያ ሁለቱን ዋና ክሮች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስትስቧቸው ሁለቱ ቋጠሮዎች ተሳስበው ይገጥማሉ። ትርፉን በስለታም መቀስ ቁረጡት። ጉንጉን ክር በጥርስ አይቆረጥም፤ ጥርሳችሁን ትጎዳላችሁ እንጂ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ክሩ የመጣበትን ጥንጥን በእርሳስ ላይ ሰክታችሁ ሁለተኛው ሰው እርሳሱን በሁለት እጁ ይያዘው። ጥንጥኑ እንደ መንኮራኩር እየተሽከረከረ ክሩን ይስጥ፤ እንዲህ ሲሆን ክሩ አይከርርም። ሁለተኛው ሰው ጥንጥኑን በጨርቅ ጫን አድርጎ ይያዘው እንጂ እንዲሁ አይልቀቀው። የሚያጠነጥነው ሰው ደግሞ ክሩን ከሪሉ ፊት በእርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣቶቹ መካከል ቆንጠጥ አድርጎ እጀታውን በዝግታ ያዙር። በባዶ ጣት ፈጽሞ አትሞክሩት።

ጥብቀቱ ለምን አስፈለገ? ጉንጉን ክር ላልቶ ከተጠነጠነ፣ ዓሣው በጎተተ ጊዜ የላይኛው ክር በታችኛው መካከል ሰርስሮ ይገባል፤ በሚቀጥለው ውርወራም ክሩ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ላልቶ የገባ ክር ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ እንደ ወፍ ጎጆ ተወሳስቦ ይወጣል። ተጠንጥኖ ሲያበቃ በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት። እንደ ጠንካራ ድድር ነገር ከተሰማችሁ መልካም ነው፤ እንደ ጥጥ ከሰረገደ ግን ፈታችሁ ድገሙት። እኛ አንድ ጊዜ ደግመናል፤ እርሳሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩና ስወያይ ላልቶብኝ ነበር። ልጄ በዚህኛው ጊዜ አላለፈኝም፤ “እማዬ፣ ላልቷል፤ እንደገና” አለኝ። ደገምነው።

በመጨረሻም ያንኑ የነጥብ ፈተና ደግማችሁ አድርጉት። ሁለቱ ነጥቦች አልተለያዩም። በምትኩ ፍሬኑ ጠር-ጠር አለ። አማቴ፣ “አሁን ያዘ” አሉ።

ጥንቃቄ ለወላጆች

ይህን ክፍል በተለይ እናቶች አትዝለሉት። ጉንጉን ክር ቀጭንና የማይለጠጥ ስለሆነ ሲጎተት እንደ ቢላ ይቆርጣል። ልጆቻችሁ ምንም ቢጨንቃቸው ክሩን በእጃቸው እንዳይይዙ፣ በጣታቸውም እንዳይጠቀልሉ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። መንጠቆው ከሥር በድንጋይ ወይም በሣር ከተያዘ፣ ክሩን በአንድ ወፍራም እንጨት ላይ ብዙ ጊዜ ጠቅልለው እንጨቱን ይሳቡ እንጂ በእጃቸው አይሳቡት።

ፍሬኑም እስከ መጨረሻው አይጠብቅ። ናይለን ስለሚለጠጥ የዓሣውን ድንገተኛ ጉተታ ያበርዳል፤ ጉንጉን ክር ግን ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ማብረዱ የፍሬኑ ድርሻ ነው። ፍሬኑ ክሩ ሊበጠስ ከሚችልበት አስቀድሞ እየለቀቀ መስጠት አለበት።

የተቆረጠውንም ትርፍ ክር ሐይቁ ዳር አትጣሉ፤ በየቤታችሁ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምሩት። ይህ ክር አይበሰብስም። ሐዋሳ የሚያውቅ ሰው ዓሣ በሚበለትበት ስፍራ አባ ኮዳዎች በሰው እግር ሥር ሲንጎራደዱ አይቷል። በእግራቸው የተጠመጠመ ክር የሚፈታላቸው የለም። ልጄ አሁን ትርፉን በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ልብስ ሳጥብ የማገኘው አረንጓዴ ክር ብቻ ነው።

በመጨረሻ

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ የምትሉኝ እንደሆነ፣ በነጋታው ጠዋት ልጄ ዘንጉን ከበሩ ኋላ አነሣው። የዳነውን ጣቱን አገላብጬ አየሁና “ክሩን በእጅህ…” ስል “አልይዝም” ብሎ ጨረሰልኝ። ወደ ቀትር ላይ ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር፤ ፊቱ ግን ያበራል። አምባዛ ይዞት ነበር፤ ፍሬኑ ጮኸ፤ እጀታው ክር አስገባ፤ ዓሣው እስከ ዳር መጥቶ ቄጠማው ውስጥ ገባና መንጠቆውን አራግፎ ሄደ። “ሄደ፤ ግን ሪሉ አልከዳኝም!” አለኝ። ከዚያም ስልኩን ራሱ አነሣና ለአጎቱ ደወለ። ግማሽ ሰዓት አወራ፤ ዓሣውም በየደቂቃው እየገዘፈ ሲሄድ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ክር ማጠንጠን ብቻ አይደለም የተማርኩት። ልጄ “አልነካሁትም” ሲለኝ መልሱን ማግኘት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አንድ እስክሪብቶና ሁለት ነጥብ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሳልፈትን ፈረድኩ፤ ያውም የራሴን ሥራ ሳልመረምር። በእናንተም ቤት ከበር ኋላ ዝም ብሎ የቆመ ነገር ካለ፣ ማን እንዳበላሸው ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንዳጠነጠነው ጠይቁ።

በሚቀጥለው ዕትም በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑልኝ።